ልጅ ለማሳደግ ላሰባችሁ፦ ከቱሉ ዲምቱ እስከ ልደታ ያለው መንገድ

የአክስቴ ልጅ ከሜሪላንድ ደወለች። የአሜሪካ ዜግነት ከወሰደች ቆይታለች። «አንቺ እዚያው ነሽ፤ እስቲ አንዲት ሕፃን ፈልጊልኝ። ወረቀቱን እኔ በጠበቃ እጨርሳለሁ» አለችኝ። በዚያው ሳምንት እኔ የራሴን የጉዲፈቻ ማመልከቻ ይዤ ወረዳ እየተመላለስኩ ነበር። ለዘመድ ገና አልተናገርንም፤ ለእሷም አልነገርኳትም። «ያ በር ከተዘጋ ቆየ እኮ» ብቻ አልኳት። አላመነችኝም።

ግን ተዘግቷል። ለውጭ ዜጋ ኢትዮጵያዊ ልጅ በጉዲፈቻ መስጠት በጥር 2010 በሕግ ቀርቷል፤ የቤተሰብ ሕጉ በአዋጅ ቁጥር 1070/2010 ተሻሽሎ። ከዚያ ቀደም ብሎ በሚያዝያ 2009 መንግሥት ሥራውን አስቁሞት ነበር። ከመዘጋቱ በፊት የነበረውን ጉድ የሰማ ሰምቶታል። በፈረንጆቹ 2010 ብቻ ከ2,500 የሚበልጡ ልጆች ወደ አሜሪካ ሄደዋል፤ በዚያ ዓመት ወደ አሜሪካ ከሄዱት ልጆች ከኛ የበዙት የቻይናዎቹ ብቻ ነበሩ። ብዙዎቹ በፍቅር አድገዋል። ከዚህ በጉዲፈቻ የሄደችው ሃና ዊሊያምስ ግን በፈረንጆቹ 2011 ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ፣ በአሳዳጊዎቿ ጓሮ፣ በብርድና በረሃብ ተጎድታ ሞተች። ሁለቱም አሳዳጊዎቿ ተፈርዶባቸዋል። እዚህ ደግሞ እናቱ በሕይወት እያለች ወላጅ የለውም ተብሎ ዶሴ የተከፈተለት ልጅ ነበር።

ስለዚህ የውጭ ዜግነት ያለው ዘመድ ሲጠይቃችሁ መልሱ አጭር ነው፤ አይሆንም። «መንገድ አውቃለሁ» የሚል ሰው ቢመጣ ስልኩን ዝጉበት። ከዚህ በታች የጻፍኩት እዚሁ ለምንኖር፣ እዚሁ ልናሳድግ ላሰብን ነው።

በየትኛው ከተማ እንደምትኖሩ እወቁ

የሚያስቅ ይመስላል። ዳር ለምንኖር ግን አያስቅም። እኛ ሰፈር ከአስፓልቱ ወዲህ አዲስ አበባ ነው፤ ትንሽ ወዲያ ብትሉ ሸገር ከተማ። ልጆቹ አንድ ሜዳ ላይ ኳስ ይጫወታሉ፣ እናቶች አንድ ገበያ ይወጣሉ። ለጉዲፈቻ ጉዳይ ግን ሁለት ዓለም ነው።

መታወቂያችሁ የአዲስ አበባ ከሆነ የሚመለከታችሁ የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው፤ አዋጅ ቁጥር 213/1992። መታወቂያችሁ የሰበታ፣ የቡራዩ፣ የለገጣፎ፣ የገላን ወይም የሱሉልታ ከሆነ ኦሮሚያ የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው፤ ቢሮውም ፍርድ ቤቱም የክልሉ ነው፣ የሥራ ቋንቋውም አፋን ኦሮሞ ነው። የማውቃቸው ባልና ሚስት ቤታቸው ወዲያ ማዶ ሆኖ የድሮ ሰፈራቸውን መታወቂያ ይዘው ማመልከቻ አስገቡ። ሦስት ወር ከጠበቁ በኋላ «የመኖሪያ አድራሻችሁ አይገጥምም» ተባሉ። መጀመሪያ መሸኛ አውጥታችሁ መታወቂያችሁን አስተካክሉ። ከዚህ በኋላ የምናገረው በአዲስ አበባው በኩል ስላለፍንበት ነው።

ማን ይችላል?

ይህ ቀላሉ ክፍል ነው። አሳዳጊው ቢያንስ 25 ዓመት የሞላው መሆን አለበት። ባልና ሚስት ከሆናችሁ ግን ከሁለት አንዳችሁ 25 ከሞላችሁ ይበቃል፤ ሁለታችሁም መስማማታችሁ ግን ግድ ነው። ያላገባ ሰው ይችላል። የወለደም ይችላል። ልጁ ደግሞ ከ18 ዓመት በታች መሆን አለበት።

አንድ ነገር ግን ቆም ብላችሁ አስቡበት። ጉዲፈቻ ከጸደቀ በኋላ «አልሆነልንም» ተብሎ አይመለስም። ፍርድ ቤት የሚያፈርሰው አሳዳጊው ልጁን እንደ ባሪያ ከያዘ፣ ለጥቅሙ መጥፎ ሥራ ካሠራው ወይም የወደፊት ሕይወቱን በሚጎዳ መንገድ ከያዘው ነው። ያ ለልጁ የተሰጠ መከላከያ እንጂ ለእኛ የተተወ መውጫ አይደለም። ልባችሁ እስከዚያ ካልደረሰ የአደራ ቤተሰብ የሚባል አለ፤ ልጁን ለጊዜው ተረክቦ ማሳደግ ነው። ሙስሊም ጎረቤቴ በሃይማኖቷ የልጁ የዘር ስም ስለማይቀየር ይህኛውን እንደመረጠች ነግራኛለች። እሷም ሼኻቸውን አማክራ ነው የወሰነችው።

አቋራጩ

እዚህ ላይ ረዘም ላድርገው፤ ዳር ሰፈር ውስጥ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነውና።

ማመልከቻችን ወር ሳይሞላው አንዲት ሴት ሻይ ቤት ጠራችኝ። ከየት እንደሰማች አላውቅም። «አንዲት እርጉዝ ልጅ አለች፤ ሰባት ወሯ ነው። አረብ አገር ልትሄድ ነው፣ ልጁን አትፈልገውም። አንቺ ትራስ ታደርጊና ትቆያለሽ፤ ስትወልድ በአንቺ ስም ይመዘገባል» አለችኝ። ትራስ! ሆዴ ላይ ትራስ አስሬ ጎረቤት እንድሸውድ። ዋጋውንም ነገረችኝ። የሻዩን ሒሳብ ከፍዬ ወጣሁ፤ ታክሲ ውስጥ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

እውነት ለመናገር ያን ሌሊት አልተኛሁም። ስምንት ዓመት ለጠበቀ ሰው ሁለት ወር ምን አላት? ግን አስቡት። ከሌላ ሴት የተወለደን ልጅ ወለድኩት ብሎ ማስመዝገብ ሐሰተኛ ሰነድ ነው። ገንዘብ ካለበት ደግሞ ልጅ መሸጥ መግዛት ነው፤ ወንጀል ነው። ያቺ እናት ከዓመት በኋላ ተመልሳ «ልጄን» ብትል ምን ይዛችሁ ትቆማላችሁ? እናንተ ብታልፉና ውርስ ሲመጣ አንዱ ዘመድ «ይህ እኮ የወለዱት አይደለም» ብሎ ፍርድ ቤት ቢሄድ፣ ልጁ በስንት ዓመቱ ነው እውነቱን ችሎት ላይ የሚሰማው? በጉዲፈቻ የተረከባችሁት ልጅ ግን በሕግ እንደ ወለዳችሁት ነው፤ ይወርሳል፣ ማንም አይነቅለውም።

ሌላው አቋራጭ የዋህ ይመስላል። ከገጠር የእህትን ልጅ አምጥቶ ማሳደግ። ይህ ወጋችን ነው፣ ክፉ ነገር የለበትም። የእናንተ ልጅ እንዲሆን ከፈለጋችሁ ግን እሱም በወረቀት ይሁን። እናትም አባትም ካሉ ሁለቱም ይስማሙ፣ ፍርድ ቤት ያጽድቀው። አባትየው «የትም ጠፍቷል» ከተባለ መጥፋቱን የሚያሳይ ማስረጃ ይፈለጋል፤ የአክስት ወሬ አይበቃም።

ወረቀቶቹ

መነሻው ወረዳችሁ ያለው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ነው። እዚያ ማመልከቻ ትጽፋላችሁ። በራሳችሁ ቃል ጻፉት። ከጽሕፈት ቤቱ ደጃፍ ጃንጥላ ሥር የተቀመጠው ራፖር ጸሐፊ «ክቡርነትዎ» ከሚለው ጀምሮ ሁለት ገጽ ሞልቶልን ነበር፤ ባለሙያዋ አንብባ «እናንተ የታላችሁ እዚህ ውስጥ?» ብላ መለሰችልን።

እኛ የተጠየቅነው የሁለታችን መታወቂያ፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የደመወዝ ማስረጃ ከመሥሪያ ቤት፣ የባንክ ሒሳብ መግለጫ፣ የቤት ካርታ (ኪራይ ለሆነ ውሉ)፣ የጤና ምርመራ ውጤት፣ በአሻራ የሚሰጠው ከወንጀል ነፃ ማስረጃና የሚያውቁን ሦስት ምስክሮች ነበር። ጉርድ ፎቶ ደግሞ ብዙ አንሡ። ስድስት ይበቃል ብለን ሁለት ጊዜ ተመልሰናል።

ቅደም ተከተሉ ላይ አንድ ምክር አለኝ። የጤናውን መጨረሻ አድርጉት። ሌላው ሲጓተት የጤናው ማስረጃ «ቆይቷል» ይባልና እንደገና ትመረመራላችሁ። እኛ ሁለት ጊዜ ደም ሰጥተናል። ከሁሉም ዋናውንና ሦስት ኮፒ ያዙ። ዋናውን ለማንም አትተዉ፤ ለማመሳከር ብቻ አሳዩ።

ለልጁ የሚከፈል ገንዘብ የለም። አንድም ብር። የወጣብን የኮፒ፣ የምርመራ፣ የፎቶና የትራንስፖርት ነው፤ ከሁሉም የበዛው ትራንስፖርቱ።

የቤት ጥናት

ባለሙያ ቤታችሁ ይመጣል። ቀጠሮ ይዞም ሊመጣ ይችላል፣ ሳይይዝም። የእኛዋ የመጣችው ውሃ በጠፋ በአምስተኛው ቀን ነው። መታጠቢያ ቤቱ በጄሪካን ተሞልቷል፣ ያልታጠበ ልብስ ጥግ ላይ ተከምሯል፣ እኔ ሻሽ አስሬ ሽንኩርት እከትፋለሁ። ማፈሬን አትጠይቁኝ። ከወራት በኋላ ሪፖርቷ ችሎት ላይ ሲነበብ «ውሃ ለልጅ በሚበቃ መጠን ያጠራቅማሉ» የሚል ዓረፍተ ነገር ሰማሁ።

ስለዚህ ቤት አታስውቡ። ሶፋ አትዋሱ። የምታየው ሌላ ነገር ነው። አራተኛ ፎቅ ስለሆንን በቀጥታ በረንዳው ጋ ሄዳ የብረቱን ክፍተት በእጇ ለካች። በዚህ በኩል የልጅ ጭንቅላት ያልፋል አለችን፤ በሳምንቱ ወንፊት ሽቦ አስበየድንበት። ሲሊንደሩ የት እንዳለ ጠየቀች። ሥራ ስንውል ልጁን ማን እንደሚይዝ ጠየቀች፤ «ሠራተኛ እንቀጥራለን» ስንላት «እስክትገኝስ?» አለች። ለዚህ መልስ አዘጋጁ። የእኛ መልስ እናቴ ነበረች።

ሁለታችንን ለየብቻ አነጋገረችን። ባለቤቴን «ይህ የእርሶ ሐሳብ ነው የእሳቸው?» አለችው። እሱም ሳያመነታ «መጀመሪያ የእሷ ነበር፤ እኔ ሁለት ዓመት እምቢ ብያለሁ» አለ። በሩ ሥር ቆሜ ሰምቼ ክው አልኩ፤ አበላሸው ብዬ። አላበላሸም። ባለሙያ የሚያስፈራው ሁሉ ነገር አልጋ ባልጋ ነው የሚል ሰው ነው። ለልጅ ማጣታችሁ አልቅሳችሁ ካልጨረሳችሁ ለሚመጣው ልጅ ሸክም ትሆናላችሁ፤ እሷ የምትፈልገው ይህን ማወቅ ነው።

ዘመዶቻችሁንም በዚህ ጊዜ ንገሩ። የሕጉ አንዱ ቦታ ብዙ ሰው አያውቀውም፤ የአሳዳጊው ወላጆች ወይም ወንድም እህቶች ጉዲፈቻውን በግልጽ ተቃውመው በፍርድ ቤት ካስመዘገቡ በእነሱ ላይ ውጤት አይኖረውም። ማለትም ልጁ ለእናንተ ልጅ ነው፤ ለሚቃወሙት አያት ግን በሕግ የልጅ ልጅ አይሆንም። አማቴ አኩርፈው ነበር። ችሎት ሳንደርስ ባለቤቴ ደብረ ብርሃን ወርዶ ሁለት ቀን አድሮ መጣ። ምን እንደተባባሉ እስከ ዛሬ አልነገረኝም።

ጥበቃውና የመጀመሪያው ቀን

ቢሮው ከተስማማ በኋላ ጥበቃ ነው። ከማሳደጊያ ልጅ ሲገኝ ይጠሩዋችኋል። አዲስ አበባ ውስጥ ሕፃናትን ከሚይዙት የመንግሥት ማሳደጊያዎች አንዱ ክበበ ፀሐይ ነው፤ የግልም አሉ። «ገና የተወለደች፣ ቀይ፣ ሴት» ብላችሁ ከዘረዘራችሁ ትጠብቃላችሁ። ከፍ ያለ ልጅ ወይም ወንድም እህትማማቾችን እንቀበላለን ያለ ሰው የሚፈለግ ሰው ነው። እኛን ከማመልከቻ እስከ ፍርድ ቤት አንድ ዓመት ከአራት ወር ፈጅቶብናል።

ልጅቷን ያየናት በሰባት ወሯ ነው። ሞግዚቷ ታቅፋ አመጣቻትና እጄ ላይ አስቀመጠቻት። አላለቀሰችም። አልሳቀችም። ሹራቤ ላይ ያለውን ቁልፍ ይዛ ቀረች። እኔ ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ፤ «እሺ» ብቻ አልኩ፣ ለማን እንዳልኩ አላውቅም።

በዚያ ስሜት ውስጥ ሆናችሁ የምትረሱትን ልንገራችሁ። ጥያቄዎቻችሁን በወረቀት ጽፋችሁ ሂዱ። የክትባት ካርዷ የት ደርሷል? በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት የሚሰጡት ተሟልተዋል? ከሆነ ቀጣዩ በ9 ወር የኩፍኝ ነው። የትኛውን ወተት ነው የምትጠጣው፣ በስንት ሰዓት ልዩነት? በምን ተኝታ ታድራለች፣ መብራት በርቶ ነው ጠፍቶ? ለየትኛዋ ሞግዚት ነው የምትስቀው? ያቺን ሞግዚት ፈልጋችሁ አነጋግሩ። የእኛዋ ሞግዚት ሲያስተኟት ጆሮዋን ማሻሸት እንደምትወድ ነገረችኝ። በፋይሉ ውስጥ ያ የለም።

የተገኘችበት ሁኔታም ይነገራችሁ። ፖሊስ ያገኘበት ቦታና ቀን፣ ወላጅ ተፈልጎ አለመገኘቱን የሚገልጽ ደብዳቤ፣ ለብሳው የተገኘችው ልብስ ካለ። አሁን መስማት ይከብዳል። ኮፒውን ያኔ ካልያዛችሁ ግን ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ አታገኙትም።

ፍርድ ቤት

ከማሳደጊያው ጋር የጉዲፈቻ ስምምነት ትፈራረማላችሁ፤ ቢሮው አስተያየቱን ይጽፋል፤ ከዚያ ለፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ማመልከቻ ይገባል። ስምምነቱ ብቻውን ዋጋ የለውም፤ የሚጸናው ፍርድ ቤት ሲያጸድቀው ነው። የእኛ ችሎት ልደታ ነበር። እስከ ቃሊቲ በታክሲ፣ ከቃሊቲ ልደታ በባቡር። ባቡሩ ከሠራ ማለቴ ነው። ቀጠሮው ጠዋት ከሆነ አትመኑት፤ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ውጡ።

ችሎቱ የፈራነውን ያህል አልነበረም። ዳኛዋ ሪፖርቱን አስነብበው ባለቤቴን «ነገ ብትወልዱስ?» አሉት። «ታናሽ ታገኛለች» አለ። የጻፉት ነገር ነበር፣ ቀና አላሉም። ፍርድ ቤቱ የሚመዝነው የልጁን ጥቅም ነው፤ የመናገር ዕድሜ ላይ የደረሰ ልጅ ከሆነ የእሱንም ሐሳብ ይጠይቃል። ለሌላ ቀጠሮ ተቀጠርን፣ በዚያው ጸደቀ።

ከዚያ ቀን ሳታሳልፉ ሁለት ነገር። የውሳኔውን ግልባጭ በማኅተም ብዙ አድርጋችሁ አውጡ። ይዛችሁ ወረዳ የሲቪል ምዝገባ ሂዱና ጉዲፈቻውን አስመዝግቡ፤ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 እንደ ልደትና እንደ ጋብቻ የሚመዘገብ ኩነት ነው። ይህ ከሌለ ትምህርት ቤትም ፓስፖርትም ስትሉ ትሰቃያላችሁ። ስሟን ስታጽፉ ፊደሉን ቆማችሁ ተመልከቱ። የባለቤቴ ስም አንድ ፊደል ተገድፎ ሌላ ሁለት ሳምንት ተመላልሰናል።

ቤት ከገባች በኋላ

የመጀመሪያው ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነቃሁ። ድምፅ አልሰማሁም፤ ዝምታው ነው የቀሰቀሰኝ። አልጋዋ ጋ ሄድኩ። ዓይኗ ፍጥጥ ብሏል። ነቅታለች፣ ርቧታል፣ ግን አታለቅስም። ብዙ ልጅ ባለበት ቤት ማልቀስ ሁልጊዜ ሰው አያመጣም፤ ልጆች ይህን ቶሎ ይማራሉ። ጎረቤት «እንዴት ጨዋ ልጅ ናት» ይላችኋል። ጨዋነት አይደለም።

ያደረግነው ይህ ነው። ሳታለቅስ በፊት በየሦስት ሰዓቱ ተነሥተን አቀፍናት። ሌላ ሰው እንዲያቅፋት ለመጀመሪያ ሳምንታት አልፈቀድንም፤ እናቴም ጭምር። ብዙ ሰው ተቀየመን፣ ይቀየም። ጡጦውን ትራስ ላይ አስደግፈን አልሰጠናትም፣ ሁልጊዜ በእቅፍ። በአንቀልባ አዝዬ ወጥ ሠራሁ። ወተቷን ወዲያው አልቀየርንም። መሥሪያ ቤቴ የሰጠኝ ከዓመት ፈቃዴ ላይ ነበር፤ እናንተ አስቀድማችሁ ፈቃድ አጠራቅሙ።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ሌሊት ጮኸች። የምር ጩኸት፣ ቤቱን የሚሰነጥቅ። ባለቤቴ ከአልጋ ዘሎ ወርዶ ጉልበቱን ከቁም ሳጥኑ ጋር አጋጨ፤ እያነከሰ «ጠራችን! ጠራችን እኮ!» ይላል።

ጎረቤት ምን ይላል

ትራስ አላሰርኩም፣ ስለዚህ ጎረቤት አወቀ። ሁለት ሦስት ሴቶች ደረጃው ላይ ዝም አሉኝ። አንዷ «የማን እንደሆነች ሳታውቂ?» አለችኝ፤ «የኔ ናት» አልኩና ጄሪካኔን አነሣሁ። በአራተኛው ቀን ከሜዳው ማዶ የሚኖሩት እማማ ገንፎ ይዘው መጡ። በርበሬና ቅቤው መሃሉ ላይ ቀልጦ። «እኔ አራስ አይደለሁም እኮ እማማ» አልኳቸው። «ታዲያ ምንድን ነሽ?» አሉና በራፍ ላይ ቆመው ሦስት ጊዜ እልል አሉ። ቃሉ የእነሱ ነው፤ ጉዲፈቻ በኦሮምኛ ማሳደግ ከሚለው የመጣ ነው። በእሳቸው ቤት ነውር ሆኖ አያውቅም። በእኛስ የማደጎ ልጅ፣ የጡት ልጅ የሚባል የለም እንዴ?

ለልጅቷም ከአሁኑ እንነግራታለን። ገና ሁለት ዓመት ከመንፈቋ ነው፣ አይገባትም፤ ቃሉ ግን ጆሮዋን እንዲለምድ። ማታ ስትተኛ ጆሮዋን እያሻሸሁ «አንቺን ፍለጋ ስንት ቀን ባቡር ተሳፈርን» እላታለሁ። «ባቡል» ትላለች። ዕድር መዝገብ ላይ አስገብተናታል፣ ክርስትናዋንም አስነሥተናል፤ በሁለቱም ቦታ እንዴት እንደመጣች አልደበቅንም።

ሰማያዊ ክላሰር አለን። የፖሊሱ ደብዳቤ ኮፒ፣ የፍርድ ቤቱ ውሳኔ፣ የክትባት ካርዷ፣ ለብሳው የተገኘችው ቢጫ ፎጣ በፌስታል ተጠቅልሎ። ሁለተኛ ኮፒው ሳሪስ ወንድሜ ቤት ነው፤ እኛ ቤት ጣሪያው ያፈስሳል።